የጠብታው መስመር

ነሐሴ ላይ የደቡብ ወሎው ወረኢሉ ጉም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ በተዘረጋው ደጋ ላይ ማለዳ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ከገደሉ አፋፍ ይነሳና ቤቶቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። የገብሱ ማሳ፣ የበጎቹ ጉረኖ፣ የድንጋዩ ካብ ሁሉም አንድ ግራጫ ይሆናሉ። በዚህ ሰዓት አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ እርሳስና ደብተር ይዞ፣ ከጎረቤት ክፈፍ ሥር ተጠልሎ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ክብ የድንጋይ ቤት ለመሳል ተቀምጧል እንበል። የሚያየው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ሳር። እርሳሱ ወረቀቱን ሲነካ ግን ጥያቄዎቹ ይጀምራሉ። ሳሩ ከግድግዳው አልፎ ስንት ክንድ ይወጣል? ከክፈፉ የሚወርደው ጠብታ ከግድግዳው እግር ምን ያህል ርቆ ነው መሬት የሚነካው? ጠብታው ዓመት ከዓመት እየወደቀ የቆፈረው ክብ ቦይስ ውሃውን ወዴት ነው የሚወስደው? ተማሪው ካሜራ ቢያነሳ ክፈፉንም ቦዩንም በአንድ ቅጽበት ይወስዳቸዋል፤ ሁለቱ እንደሚተዋወቁ ግን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በእጁ ከሳለ ይህ አይሆንም። የክፈፉን ጫፍ የት ላይ እንደሚያቆመው ለመወሰን ዓይኑን ወደ መሬት መጣል አለበት፤ መሬት ላይ ያለው ቦይ የክፈፉን ልክ ይነግረዋል።

አርክቴክቸርን በነጻ እጅ ሥዕል መማር የሚባለው ነገር ፍሬው እዚህ ነው። ያለ ማስመሪያ፣ ያለ ኮምፒዩተር፣ በእርሳስ ብቻ አንድን ቤት መሳል የሠዓሊነት ልምምድ ይመስላል። እኔ የምከራከረው ሥዕሉ ራሱ የምርመራ መንገድ ነው ብዬ ነው። እጅ መስመር ከማስመሩ በፊት ዓይን መወሰን ይኖርበታል፤ ዓይን እንዲወስን ደግሞ ሕንጻውን መጠየቅ ግድ ነው። የትኛው ድንጋይ የትኛውን ተሸከመ? ይህ እንጨት እዚህ የቆመው ለምንድን ነው? ያልገባንን ነገር በቃል አድበስብሰን ማለፍ እንችላለን፤ በመስመር ግን አንችልም። ጣራው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያልተረዳ ተማሪ እዚያ ሲደርስ እጁ ይቆማል፤ የእጁ መቆም ምን እንዳላወቀ በግልጽ ያሳየዋል። ይህን ትምህርት ለመማር የኢትዮጵያ ተማሪ ሮም መሄድ አለበት ወይስ ወረኢሉ ይበቃዋል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ትምህርት አገር ጥሎ መሄድ በአውሮፓ ረጅም ታሪክ አለው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1720 እስከ 1968 ድረስ በሥነ ሕንጻ ውድድር ያሸነፉ ወጣቶችን ወደ ሮም ትልክ ነበር፤ ተላኪዎቹም የጥንቶቹን ሕንጻዎች እየለኩና እየሳሉ ሥራቸውን ወደ ፓሪስ መላክ ነበረባቸው። በኋላ ለ ኮርቡዚየ በሚል ስም ዓለም ያወቀው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1911 ከጀርመን ተነስቶ በዳንዩብ በኩል ወደ ኢስታንቡል፣ ከዚያም ወደ አቶስ ተራራና ወደ አቴንስ ሲጓዝ የሥዕል ደብተሮቹን ሞልቶ ተመለሰ። ካሜራም ይዞ ነበር፣ ብዙ ፎቶም አንስቷል፤ በእርጅናው ግን ካሜራ ማየትን ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት ነው ብሎ ጽፏል። አሜሪካዊው ሉዊስ ካን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ፣ ሮም በሚገኘው የአሜሪካ አካዳሚ ተቀምጦ ጣሊያንን፣ ግሪክንና ግብጽን ዞረ፤ ፒራሚዶቹን በፓስቴል ሳላቸው። በኋላ ዳካ ላይ የሠራውን የባንግላዴሽ ምክር ቤት ወፍራም ግድግዳ ያየ ሰው ያ ጉዞ ወዴት እንዳመራው መገመት አይቸግረውም። አሜሪካ የሚገኘው የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የአርክቴክቸር ተማሪዎቹን ለአንድ ሙሉ ዓመት ሮም ያስቀምጣል። ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ወደ ጥቂት ሳምንታት አሳጥረው በዕረፍት ወራት ይሰጡታል፤ ተማሪው ጠዋት አንድ አደባባይ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ደብተሩን ለመምህሩ ያሳያል።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንደ ማስረጃ መደርደር ግን ደካማ ክርክር ነው። ካን ባይስልም ካን ይሆን ነበር የሚል ሰው ቢመጣ የሚያሸንፈው የለም። ስለዚህ ትንሽ ጠበቅ ያለ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሊንዳ ሄንከል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎች ሙዚየም ውስጥ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌላውን ዝም ብለው እንዲያዩ ተደረገ። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ካዩት ይልቅ ያስታወሱት ያነሰ ነበር። ካናዳ በሚገኘው በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች አንድን ቃል ከሚጽፉት ይልቅ ትርጉሙን ቢስሉት በተሻለ እንደሚያስታውሱት አሳየ፤ የሥዕሉ ማማር አለማማር ለውጥ አላመጣም። ከሄንከል ጥናት ውስጥ አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ተማሪዎቹ ካሜራውን ወደ ዕቃው አንድ ክፍል አቅርበው እንዲያነሱ ሲታዘዙ የማስታወስ ጉዳቱ ጠፋ። ይህ ለእኔ ክርክር መሰናክል አይደለም፤ እንዲያውም ጉዳዩን ያጠራዋል። የሚያስተምረው ወረቀቱና እርሳሱ በተአምር አይደሉም፤ የሚያስተምረው ትኩረት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ካሜራ ትኩረትን ሊፈቅድ ይችላል፣ እርሳስ ግን ያስገድዳል።

ቋንቋችን ይህን ያውቀዋል። ንድፍ የምንለው ቃል ነደፈ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ንብም ይነድፋል፣ ጥጥም ይነደፋል። ጥጥ የሚነድፍ ሰው በደጋኑ አውታር እየመታ የተጣበቀውን ይለያያል፤ ቆሻሻው ተለይቶ፣ ጭራው ከጭራው ተላቅቆ፣ ለፈትል የሚሆነው ብቻ እስኪቀር ድረስ። ቤትን መንደፍም ያው ነው። በዓይን ሲታይ አንድ ወጥ ክምር የሚመስለው ነገር በእጅ ሲነደፍ ተሸካሚና ሸክም፣ መዋቅርና ልባስ ሆኖ ይላቀቃል።

የዚህ መላቀቅ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የወሎ ታሪክ ራሱ በሚያሳዝን መንገድ ያስተምራል። ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው የጥንቱ የአምሐራ ምድር መካነ ሥላሴ የተባለች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዐፄ ናዖድ ጀመሯት፣ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሟት። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቷታል፤ በደንብ የተጠረበውን ድንጋይ፣ በብረታ ብረት የተለበጠውን ደጅ ጽፎ አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አህመድ ሠራዊት ሲደርስባት ደግሞ የፉቱሕ አል ሐበሻ ጸሐፊ ወርቋን፣ ሥዕሏን፣ ኢማሙ አብረውት የነበሩትን ዓረቦች እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ እንደጠየቃቸው ይተርካል። ከዚያ ተቃጠለች። እንግዲህ ሁለት ምስክሮች አሏት፤ አንዱ ያደነቃት ወዳጅ፣ ሌላው ያደነቃት ጠላት። ሁለቱም ዓይናቸው ያረፈበትን ነገር ነግረውናል፤ ወርቅ፣ ዕንቁ፣ ስፋት፣ ከፍታ። ማዕዘኗ እንዴት እንደታሰረ ግን ሁለቱንም ደጋግሞ ያነበበ ሰው ሊስለው አይችልም። ቃል የሚያየው የሚያንጸባርቀውን ነው። ከሁለቱ ጋር አንድ እንኳ እርሳስ የያዘ፣ ግማሽ ቀን ከደጇ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምናውቃት መካነ ሥላሴ ሌላ ነበረች።

ከዚህ ጋር የአክሱሙን ታዓካ ማርያም እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ አክሱም ሲደርስ ዳንኤል ክሬንከር የሚባል አርክቴክት አብሮ ነበር። ክሬንከርና ባልደረቦቹ የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሾችን ቆፍረው፣ ለክተው፣ ነደፉ፤ ከእነርሱ ትልቁ ታዓካ ማርያም 120 በ80 ሜትር ገደማ የሚሸፍን ግቢ ነበር። ፎቶም አንስተዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1913 በአራት ቅጽ ታተመ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን በዚያ ፍርስራሽ ላይ መንገድ አለፈበት፤ ታዓካ ማርያም በአብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ስለዚያ ቤተ መንግሥት የምናውቀው የመሠረቱን እጥፋት፣ የደረጃውን አቀማመጥ፣ የክፍሎቹን ዝምድና በክሬንከር መስመሮች በኩል ነው። መካነ ሥላሴ በቃል ቀረች፤ ታዓካ ማርያም በመስመር ቀረ። እርግጥ ነው የክሬንከር ሥዕል በልኬት የተሠራ እንጂ የመንገድ ላይ ንድፍ አይደለም የሚል አለ። ልክ ነው፤ ነገር ግን ልኬት የሚጻፍበት ነገር ያስፈልገዋል። ሜዳ ላይ ለመለካት የወጣ ማንኛውም አርክቴክት መጀመሪያ ሕንጻውን በነጻ እጁ ይነድፋል፤ ሜትሩ የሚነግረውን ቁጥር የሚያሰፍረው በዚያ ንድፍ ላይ ነው። ንድፉ ስህተት ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር የተሳሳተ ቦታ ላይ ይጻፋል።

አሁን ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። የሌዘር መሣሪያ በአንድ ቀን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይሰበስባል፤ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መንገድ መዝግቧል። የየትኛውም ተማሪ እርሳስ እዚያ ትክክለኛነት ላይ አይደርስም። ታዲያ በዚህ ዘመን ለምን እርሳስ? መልሱ ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ መሆኑ ነው። መሣሪያው ሁሉንም ነጥብ እኩል ያያል፤ የግድግዳውን ስንጥቅና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አይለይም። ለቅርስ ጥበቃ ይህ በረከት ነው፤ የሚፈለገው ምንም ሳይመረጥ ሁሉም እንዲቀር ስለሆነ። ለተማሪ ግን መምረጥ ራሱ ትምህርቱ ነው። ሌዘሩ ሥራውን ሲጨርስ መረጃ አለ፤ የተረዳ ሰው ግን ገና የለም። ሌዘር በሌለበት ደግሞ፣ ያውም መብራትና ኔትወርክ ለሳምንታት በሚጠፋበት የገጠር ቀበሌ፣ እርሳሱ ይሠራል። ሁለቱን ማጋጨት አያስፈልግም። በእጁ ነድፎ የማያውቅ ሰው የሌዘሩን ነጥብ ደመና ሲከፍት ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ሥዕል ንጹህ አይደለም የሚለው ነው። ከወረኢሉ በስተሰሜን በዚሁ ዞን መቅደላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ሠዓሊዎችና መሐንዲሶች አብረው መጡ፤ ዊልያም ሲምፕሰን ለኢለስትሬትድ ሎንዶን ኒውስ ጋዜጣ ሳለ። አምባው ተሳለ፣ ገደሉ ተሳለ፣ መውጫው ተሳለ። ጦሩ ሲመለስ መቅደላን አቃጠላት። ከእነዚያ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሚያሳዩት አንድ ጦር ሊያውቀው የሚፈልገውን ነው፤ ርቀት፣ ከፍታ፣ በር። እዚያ ይኖር የነበረ ሰው ቤቱን እንዴት እንደማገረ፣ እሳቱን የት እንዳነደደ ለመጠየቅ የመጣ እጅ አልነበረም። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፣ መልሱም ሥዕልን መተው አይደለም። ሥዕል የሚመልሰው የሳዩን ጥያቄ ብቻ ከሆነ ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው ማን ነው የሚለው ወሳኝ ይሆናል። የወሎን ደጋ ቤት ከሩቅ እንደ ውብ ገጽታ የሚስል ጎብኚ አለ፤ ነገ እዚያ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚቀጠር ኢትዮጵያዊ አርክቴክት አለ። ጥያቄያቸው አንድ አይሆንም። ለመሳል ዛሬ ያልተቀመጠው ሁለተኛው ነው።

ለምን ወረኢሉ? ሮም ሺህ ትምህርት አለባት፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የባዕድ አገር ጉዞ በሥዕል ትምህርት ውስጥ የሚያበረክተው ዋናው ነገር እብነ በረዱ አይደለም፤ እንግድነቱ ነው። ሰው ባደገበት ሰፈር ዓይኑ ይሰንፋል፤ የለመደውን ስለማያይ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ተማሪ በወረኢሉ ደጋ ላይ ከሮም ያላነሰ እንግዳ ነው። ከዚያም በላይ ለመማር አገር መልቀቅ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ደረሳው ከሼህ ወደ ሼህ፣ ከዳና ወደ ጀማ ንጉሥ እየተሻገረ ኪታቡን ይቀራ ነበር፤ የቆሎ ተማሪው ቅኔውን ፍለጋ ዳዊቱን አንግቶ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። ወረኢሉም ቢሆን እንግዳ የለመደ ከተማ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ባወጁት የክተት አዋጅ የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲያገኛቸው የቀጠሩት እዚሁ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚያድርበት፣ ያ ሁሉ ፈረስ የሚታሰርበት ሜዳ ዛሬም እንደተዘረጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ራሱ ያስተምራል። በዚህ ደጋ እንጨት ውድ ነው፤ ብርድ ብዙ ነው፤ ድንጋይ ሞልቷል። ከዚህ ሦስት ነገር የወጣ ቤት ነው። ሠሪው ካስማ ይተክላል፣ ገመድ ያስራል፣ ይዞራል፤ ወለሉ በአንድ ገመድ ርዝመት ይወሰናል። ክብ ግድግዳ ማዕዘን ስለሌለው ማዕዘን የሚያስር ጥርብ ድንጋይ አይፈልግም፤ ከሜዳው የተለቀመ ድንጋይ በጭቃ ይበቃዋል። ነፋሱም የሚይዘው ጥግ አያገኝም። መሐል ላይ ምሰሶው፣ ዙሪያውን መደቡ፣ ከላይ ቆጡ፣ ከጀርባ ጓዳው። የምድጃው ጭስ መውጫ የለውም ብሎ የሚያዝን ጎብኚ አለ፤ ጭሱ ግን በሳሩ ውስጥ እየተጣራ ሲወጣ የጣራውን እንጨት በጥቀርሻ ይለብጠዋል፣ ነቀዝም ያርቃል። ወፍራሙ ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ከላይ ያለው የሳር ውፍረት ያንን ሙቀት አምቆ ይይዛል። ሳሩም ዝም ብሎ ሳር አይደለም። በደጋው ከፍታ ላይ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም ጭምር፣ የሚበቅለው ጓሳ ለክዳንም ለገመድም ይሆናል። ይህን ሁሉ በንግግር አዳራሽ መንገር ይቻላል። ምሰሶውን ከመሳሉ በፊት ክዳኑን መሳል እንደማይችል በእጁ የተረዳ ተማሪ ግን አይረሳውም፤ ቤቱ የተሠራበትን ቅደም ተከተል ራሱ ደግሞታልና።

እዚህ ላይ የቤቱ ባለቤት ራሱ ሊያነሳው የሚገባ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ሊከበር የሚገባው እሱ ነው። የሳር ቤት የድህነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ክዳን በየጥቂቱ ዓመት ይታደሳል፣ እሳት ይፈራል፣ ያፈሳል፤ ገንዘብ ያገኘ ገበሬ መጀመሪያ የሚገዛው ቆርቆሮ ነው። በዚህ ላይ የከተማ ተማሪ መጥቶ ሳሩን እያደነቀ ቢስል የሌላውን ችግር ማስዋብ አይሆንም? ተማሪው የሚስለው ለማድነቅ ከሆነ አዎ፣ ይሆናል። ለመጠየቅ ከሳለ ግን ቆርቆሮ ሲመጣ ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚተርፍ ማወቅ የሚችለው እሱ ነው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ሰሌዳ ነው፤ ክብ ላይ አይገጥምም፤ ስለዚህ ከጣራው ጋር ወለሉም ይለወጣል፣ ክቡ አራት ማዕዘን ይሆናል። አራት ማዕዘን ሲሆን ማዕዘን ይመጣል፤ ማዕዘን ሲመጣ በጭቃ የተያያዘ ያልተጠረበ ድንጋይ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ከዚያ የባሰው ክፈፉ ነው። ጓሳ ከሜዳ ይታጨዳልና ሠሪው አንድ ክንድ ቢያረዝመው የሚከፍለው ጉልበት ነው፤ ቆርቆሮ ግን በገንዘብ ስለሚገዛ ቤት ሠሪው ክፈፉን ያሳጥረዋል። ጠብታው ወደ ግድግዳው እግር ይጠጋል፤ ጭቃው ይረጥባል፣ ይታጠባል፣ በጥቂት ክረምት ውስጥ ግድግዳው ከታች ይበላል። ሰዎች የሚያዩት አዲሱ ቤት ከአሮጌው ቶሎ መፍረሱን ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በጭቃው ላይ ይላከካል። የጠብታውን መስመር በእጁ የሳለ ተማሪ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ያውቃል። ለገበሬው ቆርቆሮህን ጣል አይለውም። ክፈፉን በአንድ ክንድ አርዝመው፣ ከግድግዳው እግር ሥር ድንጋይ አንጥፍ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር አስገባ ይለዋል። እንዲህ ያለ ምክር ከአድናቆት አይወጣም፤ ከመረዳት ይወጣል።

የመሳል ተሰጥኦ የሌለውስ? ይህ ተቃውሞ አጭር መልስ ይበቃዋል። የዋተርሉው ጥናት እንዳመለከተው የመሳል ጥቅም ከማማር ጋር አልተያያዘም። ጠማማ መስመር የሳለ፣ ግን ክፈፉን ከቦዩ ጋር ያገናኘ ተማሪ፣ ጥላውን አሳምሮ ቦዩን ከዘነጋው ይበልጣል። መምህር ነጥብ ሲሰጥ ይህን ቢያስብ የሚፈራው ተማሪ ይቀንሳል።

የሚከብደው ጊዜው ነው። ፈረንጆች ሰመር የሚሉት የዕረፍት ወቅት ለእኛ ክረምት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሰማዩ ይከፈታል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ወረቀት ይረጥባል። ስለዚህ ብዙ ሰው በመስክ መሳልን ለበጋ ይተወዋል። እኔ ሁለቱም ወቅት ያስፈልጋል እላለሁ፣ ምክንያቱም ቤቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚናገረው። በበጋ፣ ከመኸር በኋላ፣ ሰው ቤት ይሠራል፣ ክዳን ያድሳል፤ የተገለጠ ጣራ ማየት የሚቻለው ያኔ ነው። በክረምት ደግሞ ቤቱ ሥራ ላይ ነው፤ ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ፣ በሩ ለምን ከነፋሱ እንደዞረ የሚታየው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የአውሮፓ ተማሪ በሮም ፀሐይ ጥላ መሳል ይማራል። የእኛ ተማሪ በወረኢሉ ዝናብ ውሃ መሳል ቢማር ለአገሩ የሚጠቅም ዕውቀት ይይዛል።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይሆን ያለውን ነገር መቁጠር ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ አርክቴክቸርን በዘመናዊ መንገድ ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የሕንጻ ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ ልደታ ያለው የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ የሕንጻ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የእሱ ወራሽ ነው። የአሮጌ ቤቶችን መመዝገብ በዚያ ዙሪያ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ አርክቴክቱና መምህሩ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዠራር ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው መጽሐፍ የአዲስ አበባን የ1886–1941 ሕንጻዎች አንባቢ ዘንድ አድርሷል። ያ መጽሐፍ ለከተማዋ ያደረገውን ለደጋው የሚያደርግ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ማደሪያውና መሰብሰቢያው ከወረኢሉም ከቦረናም ሩቅ አይደለም። ለአንድ ተማሪ የሮም ትኬት የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ብዙ ተማሪ ያሳድራል።

በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ወሎን ያዳረሰው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ይህን ነገ ጠዋት እንዳይጀመር እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ማንም ተማሪ ለሥዕል ሲባል አደጋ ላይ መጣል የለበትም፤ በጥርጣሬ ዘመን ቤት ፊት ተቀምጦ ደብተር መሙላት ለባለቤቱም ለሳዩም ጭንቅ ነው። ነገር ግን ጦርነት መዘግየትን የሚያስገድደውን ያህል አጣዳፊነቱንም ይጨምራል። የፈረሰ ቤት የሚተካው በፍጥነት በተገዛ ቆርቆሮ ነው፤ ሰላም ሲመጣ ለመሳል ያሰብነው ቤት ላይቆየን ይችላል። እስከዚያው የአካባቢው ልጆች አሉ። መካነ ሰላም የሚማር የወግዲ ወይም የከላላ ልጅ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ ማንም አይጠራጠረውም፤ አያቱ ቤት መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ምሰሶውን ቢነድፍ ማን ይከለክለዋል? ለእሱ የሚያስፈልገው እንግዳ ዓይን ነው። እሱንም አንድ ሁለት ትምህርት ሊሰጠው ይችላል።

ሥራው ሲጀመር አንድ ልማድ ከመጀመሪያው ሊተከል ይገባል። ተማሪው የሳለውን ከመዝጋቱ በፊት ለቤቱ ባለቤት ያሳይ። በዕድሜያቸው ሦስት አራት ጊዜ ጣራ የከደኑ አባት ወይም መደቡን በየዓመቱ የሚለቀልቁ እናት ሥዕሉን ሲያዩ የጎደለውን ከማንም መምህር ቶሎ ያያሉ፤ ቆጡ የተሰቀለበትን እንጨት ረስተሃል፣ ውሃው በዚህ አይወርድም፣ በጓሮ ነው ይሉታል። ተማሪው እዚያው ያርመዋል፣ እርማቱን ከማን እንዳገኘ ከጎኑ ይጽፋል። አንዱ ቅጂ እዚያው ቤት ይቀራል፤ ደብተሩ መካነ ሰላም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያንኑ ገጽ ይዞ እዚያው ደጅ ይመለሳል፣ ሳሩ በቆርቆሮ ተተክቶ ያገኘዋል፣ ቀጣዩ ባዶ ገጽ ላይ እንደገና ይስለዋል፤ በሁለቱ ገጾች ላይ ጠብታው የሚወድቅበትን መስመር አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ ስንት ጣት ወደ ግድግዳው እንደቀረበ ይለካል።